ሁለት ሹፌር

ክረምት ነው፤ ሕርማታ ቆርቆሮው ይጮኻል፣
አዌቱ ሞልቶበት ድልድዩን ይልሳል።
እኛ ቤት ደግሞ ድምፅ ጠፍቷል።

ከቴሌቪዥኑ ሥር፣ በዳንቴል ተሸፍኖ፣
የተቀመጠ ሣጥን፣ ዕድሜው አሥራ ሦስት ሆኖ፣
መርካቶ ከተዘጋ ካፌ በርካሽ የተገዛ፣
ሲሞቅ የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ የሚነዛ፣
ፊልሙን፣ ኳሱን፣ የሠርጉን ቪዲዮ ሁሉ ያዘለ፣
ከአዲሱ ማሻሻያ ወዲህ ዲዳ ሆኖ ዋለ።
ምስሉም ወደ ጎን ተለጠጠ፤ ሰው ሁሉ አጠረ፣ ሰፋ፤
የእህቴ የሙሽርነት አንገት ከነሐብሉ ጠፋ።

«ድራይቨሩ አርጅቷል» አልሁ፤ «አዲስ ማውረድ አለብኝ።»
አባባ ከፍራሹ ቀና ብሎ አየኝ፤
ሠላሳ አንድ ዓመት ኤንትሬ የነዳ ሰው፣
የጊቤን ቁልቁለት በፍሬን ሽታ የሚያውቀው።
«ማነው አርጅቷል ያልሽው?
ሹፌሩ ነው?»

ሳቅሁ፤ ኋላም አስረዳሁት፦ በማሽኑና በዕቃው መሐል
ገብቶ የሚያግባባ ነው፤ እሱ ከሌለ ዕቃው ድንጋይ ይሆናል።
«እና ሹፌር ነዋ» አለ፤ ወደ ግድግዳው ዞረ፣
የሚያዳምጥ ሰው እንጂ የሚተኛ አልነበረ።

በስልኬ ፓኬጅ ጀመርሁ። ሦስት መቶ ሜጋ ፋይል።
ሰማንያ ሁለት በመቶ ላይ ቆመ፤ ፓኬጁ አልቋል።
ነጃትን በአጥሩ ጠርቼ ዋይፋይዋን ለመንኋት፤
ስልኬን መስኮቱ ላይ በጫማ ደግፌ ወደሷ አዞርሁት።
ከሌሊቱ አምስት ሰዓት ወረደ። ጫንሁት።

ስክሪኑ ጠቆረ። ብልጭ አለ። የእህቴ አንገት ተመለሰ፤
ድምፁ ግን እንደ ተቀደደ ጥሩምባ አለቃቀሰ፤
ከዚያ ሁሉም ሰማያዊ ሆነ፤ ሠርጉ ከነሰዉ ፈረሰ።

አጠፋሁ፣ አበራሁ። ሌላ ጫንሁ፤ ደግሞ ሌላ።
የዘንድሮውን፣ የአምናውን፣ ስሙን የማላውቀውን ኋላ።
አንዱ «ይህን ካርድ አላውቀውም» አለኝ፣
አንዱ «ተሳክቷል» ብሎ በአረንጓዴ ምልክት ዋሸኝ።

ያኔ አባባ፣ ሳይዞር፦
«አሮጌውን አውርደሻል?»
«አውርጃለሁ፤ ሦስቱንም።»
«ከኢንተርኔት አላልሁም።
ከጋቢና። ከመሪው ላይ።

እኔን አንድ ጊዜ አለቃዬ አዲስ ልጅ ቀጥሮ ሲልክ፣
ቁልፍ ሳላስረክብ፣ ሳልወርድ፣ ጋቢና ውስጥ ስታከክ፣
አንድ መሪ፣ አራት እጅ፤ አንዱ ቀኝ፣ አንዱ ግራ፤
ከሰኮሩ ወዲህ ገደል አፋፍ፣ ጎማችን አየር ላይ ሲያጓራ።
ደግሞስ የዘንድሮ ልጅ ኤንትሬን ምን ያውቃል?
ክላቹን ሁለቴ ካልረገጥሽ ማርሹ ይነክሳል።
የዘመኑን ፈልጊለት።»

ሥር ሥሩን ነቀልሁ፤ የቀሩትን ቅሪቶች፣
በየጥጉ የተደበቁ፣ ደመወዝ የማይጠይቁ ሹፌሮች።
ከብስኩቱ ቆርቆሮ አወጣሁ፣ ከመርፌና ከክር ሥር፣
ከማሽኑ ጋር የመጣውን ሲዲ፣ ጀርባው እንደ ታረሰ ምድር።
በነጠላ አባበስሁት፤ አስገባሁት፤ አጉረመረመ፤
ሁለቴ ተፋው፤ በሦስተኛው ጥርሱን ገጠመ።

ዝናቡ አባርቷል። የሠርጉን መክፈት አልፈለግሁም።
«የረዳትህን ልክፈት? የካሚልን?» አልመለሰልኝም።
በመጨረሻው ጉዞ በስልኩ የቀረጸው፣ የሚንቀጠቀጥ፣
የመስታወቱ ጭቃ፣ ቁልቁለቱ፣ መንገዱ ሲገለጥ።

ድምፁ መጣ።
መጀመሪያ ሞተሩ፤ ከዚያ የካሚል ሳል፤
ከዚያ የአባባ ፉጨት፣ ዜማ የማያውቅ፣ የሚሰባበር።
ከምስሉ በትንሹ ይዘገያል።
ላስተካክል ማውሱን ስይዝ፣
«ተዪው» አለ፤ ተነሥቶ ተቀመጠ፤
ቀዩ መንገድ ፊቱ ላይ እየተጠመዘዘ ሮጠ።

«ሦስተኛ ማርሽ» አለ፣ ለማንም ሳይሆን።
መታጠፊያው መጣ።
እና አየሁት፤ ከጋቢው ሥር
ባዶ እግሩን ዘርግቶ
ምንጣፉን ረገጠ፣
ቀስ ብሎ፣
እስኪያልፍ ጫን አድርጎ።