ደረሰኝ

መምሪያችሁ በደኅና ደረሰኝ፣ ሦስቱም ቅጽ፣
ከአውቶቡሱ ጣራ፣ ከሽንኩርት ጆንያ ሥር፤
ጥቂት ረጥቧል እንጂ አልጠፋም አንድ ገጽ።
«ለሁለተኛው እትም ምሳሌ ላኩ» ብላችኋል፤ ይኸው አንድ ነገር።

እኔ ሱናይና ጃ፣ የላሃን ጠበቃ፣
ከመናኸሪያው ፊት፣ ከጎማ ጠጋኝ ፎቅ፤
ወለሉ ዘንበል ነው፣ ጠረጴዛው አሮጌ ዕቃ፤
ወፍራሙን ቅጻችሁን፣ የሰብአዊ መብቱን፣
(ይቅር በሉኝ) ከእግሩ ሥር አስገባሁት እንዳይወድቅ።

ባለፈው ክረምት ነው፤ ሜዳው በጎርፍ ሲዋጥ
አንድ ሰው ገባና፣ ወንበር እያለለት፣
ከበሩ ሥር ቁጢጥ አለ። ከጠበቃ ፊት መቀመጥ፣
በወንበር፣ ለሱ ዓይነቱ ማን ፈቅዶለት?
ቢልት ሳዳ ይባላል።

ሁለተኛውን ቅጽ ገለጥኩ፣ ገጽ ስድሳ አንድን፦
«ተጎጂን መለየት»፣ አሥራ አራት ጥያቄ።
ፓስፖርትህን ማን ያዘው? ማን ቆለፈው በሩን?
ደመወዝህስ? አልኩት፣ አንድ በአንድ ጠይቄ።

ጓንት ፋብሪካ ነው፤ ማሌዥያ፣ ክላንግ አጠገብ።
ሐኪም የሚያጠልቀው፣ ስስ፣ ነጭ ጓንት።
ሰባት መቶ ቀን ቆመ ከሚፈላው ገንዳ ፊት።
ፓስፖርቱ ከአለቃው ካዝና፣ ደመወዙ በዕዳ ተቆርጦ ያልቃል፤
በሩ ግን ክፍት ነው። ቢልት ፈገግ ብሎ፦
«ወዴት ይሄዳል ብለው ይቆልፉታል?»

ይህችን ፈገግታ ጽፌ ላክሁ። የዐቃቤ ሕጉ መልስ አልዘገየም፦
«ፈርሟል። በፈቃዱ ሄዷል። በሩም አልተዘጋም።
በሰው መነገድ አይባልም።»
መዝገቡ ግን ተዘጋ።

ያን ዕለት መምሪያውን አጥፌ፣ እንዲያው በሰውኛ፣
«ምን ደረሰብህ?» አልኩት።
አፉን አልከፈተም። ከደረት ኪሱ ላስቲክ፣
ከላስቲኩ ጨርቅ፣ ከጨርቁ መሐል
አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት ዘረጋልኝ፤
ደረሰኝ።

ሁለት መቶ ዐሥር ሺህ ሩፒ፤ «የአገልግሎት ዋጋ»፤ ማኅተሙ ወይን ጠጅ።
ጎሽ ሸጦ፣ የሚስቱን የብር አምባር አስይዞ
የቆጠረው ነው ከደላላው ደጅ።

መብራት ሄዶ ነበር። በሻማ አንደኛውን ቅጽ፣
ለፍሪጅና ለተበላሸ ዘይት ብቻ የምከፍተውን፦
«ሸማች ማለት ዋጋ ከፍሎ
ዕቃ ወይም አገልግሎት የገዛ ሰው ነው።»
ደጋግሜ አነበብኩ። ሻጩ ደላላው፤
ተረካቢው ፋብሪካው፤ ዕቃው ቢልት፤
ከፋዩስ? ከፋዩም ያው።
ሰው የገዛ ራሱን እንዲህ ነው ለካ የሚያጣው፤
የገዛ፣ ራሱን።

ከሰስን። «ጉድለት ያለበት አገልግሎት» ብለን።
ከኛ በፊት የቀረበው የማይሽከረከር ቬንትሌተር ነበር፤
ዳኛው ቀና ሳይሉ፣ ከልማድ የተነሣ፣
«ጉድለት አለበት የተባለው ዕቃ ይቅረብ» አሉ።
ቢልት ተነሣ።

ረታን። ገንዘቡ ከነወለዱ ይመለስ ተባለ።
ደላላው እዚያው ቆጥሮ ከፈለ፣ እንደ ቬንትሌተር ሻጩ፤
ሲወጣ እጄን ጨበጠኝ፣ ሞተር ብስክሌቱን አስነሥቶ ሄደ፤
ምሽት ላይ ቢሮው ክፍት ነበር፣ ወረፋ ነበረ ከደጁ።

ቢልት ብሩን ለሁለት ከፍሎ ሸሚዙ ውስጥ አስገባ፤
አምባሩን ሊያስለቅቅ ነው። ከደረጃው ላይ ዞር ብሎ፦
«ገንዘቤስ ተመለሰ» አለኝ፤ የቀረውን አልጨረሰም፤
ዝናብ ነበር፣ አውቶቡስ ነበር፣ ሮጠ።

አንድ ነገር ረሳሁ፦ ዋናው ደረሰኝ በፍርድ ቤት ቀርቷል፤
አልሰጥም ብሎ ነበር፣ በሁለት እጁ ይዞ፤
ለደረሰኙ ደረሰኝ ሲቆርጡለት ግን
ተቀብሎ አራት ላይ አጠፈው፣ በጨርቅ፣ በላስቲክ።

እንግዲህ ምሳሌው ይኸው፤ ከየትኛው ቅጽ እንደምታስገቡት
እኔ አላውቅም። ሦስተኛውን ሳይፈልግ አይቀርም ብዬ
ከጠረጴዛው እግር ሥር አውጥቼ ሌሊቱን እያነበብኩት ነው፤
ጠረጴዛው ይወዛወዛል፤
የእጅ ጽሑፌን ይቅር በሉት።