የማይክሮ አር ኤን ኤ ዒላማ፣ ደሴ

ሃያ ሁለት ፊደል ነው ሙሉ ቁመቱ፤
በሰባቷ ብቻ ይታወቃል ቤቱ።
የደረሰበት ጂን ካፉ ቃል ይጠፋል፤
የትኛውን እንደሁ ግን ማን ይናገራል?
ኮምፒውተሩ ቆጥሮ አራት መቶ ሰጠኝ፤
ከዚያ ሁሉ መሀል እውነተኛው ጠፋኝ።

ጦሳ ጉሙን ለብሶ፣ ደሴ ተኮራምታ፥
ባብሪ ትል ጂን ጫፍ ላይ ዐሥር ጭራ ሰፍታ፥
«ብርሃኑ ሲደክም ያኔ ነው መልሳችን»
አለች ጦይባ፤ ወዲያው
ጠፋ መብራታችን።

ሙሄ ጄኔሬተር ሲያስነሣ በገመድ፥
ሴሎቿን በፎጣ ጠቀለለች ከብርድ።

ሲነጋ ለካነው፤ ዘጠኙ ይበራል፤
አንዱ ግን በግማሽ እንደ ጉም ደብዝዟል።
ሰባቷን አዛብተን ብናየው ደጋግመን፥
ቦግ አለ ደብዛዛው፤ ዝም አልን ተያይተን።
ሙሄ ደጅ ላይ ሆኖ «መብራት መጣ» አለን።