ሁለት ጣት

ሐኪሟ ወረቀት ገልጣ አሳየችኝ፣
ከቀዩ መስመር በላይ ቁጥሬን አነበበችልኝ፤
«ሌላ ደዌ የለህ፤ ወንበር ነው የያዘህ» አለችኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሒሳብ ስደምር፣
የሰው ትርፍ ስቆጥር፣ የሰው ዕዳ ስቀምር፣
የራሴን ዕዳ ግን መዝጋቢው ቀበቶዬ ነበር፤
ቀዳዳ ጨምሮ፣ ቀዳዳ ጨምሮ፣ ዓመት በዓመት ሲሰፍር።

በዕረፍቴ ወር ታዲያ፣ ባሕር ተሻግሬ፣
ስሎቬኒያ ገባሁ በቁምጣ አምሬ።
ክራንስካ ጎራ ላይ፣ ከተራራው ግርጌ፣
ቀይ ብስክሌት ተከራየሁ፣ የወጣት ቆብ አድርጌ።

ተራራው ቭርሺች ነው። መንገዱ ሽቅብ ይጠመዘዛል፤
በሃያ አራት ኩርባ ከጫፉ ይደርሳል።
እያንዳንዱ ኩርባ ቁጥር አለው፣ ሰሌዳ፤
ቁጥር ደግሞ ለእኔ ዘመድ ነው እንጂ መቼ ነው ባዳ?

አንዱን በፉጨት፣ ሁለቱን በቀልድ አለፍኩ።
ሦስት ላይ ዝም አልኩ።
አራት ላይ ልቤ፣ ሌሊት እንደ መጣ እንግዳ፣
የደረቴን በር ይደበድብ ገባ፤
አምስት ላይ ጉልበቴ ከዳ።

ጉልበት ስል ልብ በሉ፤ አማርኛ ተንኮሉ ብዙ ነው፤
እግር የሚታጠፍበትንም ሰው የሚቆምበትንም
በአንድ ስም ነው የሚጠራው።
የትኛው እንዳለቀ፣ የትኛው እንደ ታመመ፣
ለራሴም ሳይለይልኝ ብስክሌቱ ቆመ።

ዝድራቭኮ ይባላል። በጥገና ያረጀ፣
ከጥፍሩ ሥር ያለው ቅባት ከቆዳው የተወዳጀ።
ቁልቁል ሲወርድ አየኝ፤ ፍሬኑን ያዘና፣
(ስሙ በአገሩ ቋንቋ የተቀዳው ከጤና)
ጉልበቴን አልነካም፤ ሐኪም አይደለምና።
ኮርቻዬን አየ። መፍቻ ከኪሱ መዘዘ፤
ሁለት ጣት ከፍ አድርጎ ብሎኑን ጠምዝዞ ያዘ።
«ደካማ አይደለህም» አለኝ በሰባራ እንግሊዝኛው፣
«ዝቅ ብለህ ተቀምጠህ ነው።»

ስንት ዓመት በስንፍና ስም የጠራሁት ሕመም
የልክ ጉዳይ ኖሯል፤ የሁለት ጣት፤ የምንም።

ጥቁር ዳቦውን ከፍሎ ሌላም ጨመረልኝ፦
ሳይጠማህ ጠጣ። ሳይርብህ ጉረስ።
በትልቁ ማርሽ መኩራት ይቻላል፤
በትንሹ ነው መድረስ።

ስምንት ላይ አንዲት ቤተ ጸሎት አለች፣ ከእንጨት የታነጸች፣
ከጥዶቹ መካከል፣ ከመንገዱ ፈቀቅ ያለች።
መንገዱን የጠረቡት የሩሲያ ምርኮኞች ነበሩ፤
በዚያ በትልቁ ጦርነት፣ ተርበው፣ በብርድ ሲቆፍሩ፣
የበረዶ ናዳ ወርዶባቸው ብዙዎቹ እዚያው ቀሩ።
እኔ ላብ ላላብ ገንዘብ ከፍዬ መጣሁ፤
እነሱን ላባቸውን ማን ጠየቃቸው?
ቆቤን አወለቅሁ።
ወገቤን እየቆነጠጥኩ ስማረር መክረሜ አሳፈረኝ፤
ለብዙ ደቂቃ ፔዳል አልረገጥሁ።

ከዚያ ወዲያ ቀስ አልኩ። አሥራ ሦስት ላይ ወርጄ ስገፋ፣
ብሪና የምትባል፣ አሥር ዓመት ቢሆናት ነው፣
ከአባቷ ጋር አለፈችኝ፤
አፏ በእንጆሪ ቀልቶ፣ ደወሏን አቃጨለችልኝ።
ገፍቶ መሄድም መሄድ ነው። ማንም አልሳቀብኝ።

አሥራ ዘጠኝ ላይ ሰማዩ አጉረመረመ።
ቀና ስል፣ ጫፉ በደመና ተከናንቧል።
እጄን ደረቴ ላይ አደረግሁ፤
ልቤ በር መደብደቡን ትቶ ቀስ ብሎ ይራመዳል።
አምስት ኩርባ ይቀረኛል።
የዛሬ ዓመት ቢሆን እልህ ይገድለኝ ነበር፤
ያን ቀን ግን፣ በዕድሜዬ መጀመሪያ፣ ያልተዘጋ ሒሳብ
ከነቀሪው ትቼ ቁልቁል ወረድኩ፣
ነፋሱ ሸሚዜን ወደ ኋላ ሲስብ።

ስመለስ ሐኪሟ አዲሱን ወረቀት ገለጠች።
ቁጥሬ ከመስመሩ በላይ ነው ገና፣
ሁለት ጣት ቢቀረው።
«ጉልበትህስ እንዴት ነው?»
«የትኛው?»