ከወረቀቱ ጀርባ

በቢጫ ቀለም «ትችላለህ» ብዬ
ሦስት ዓመት ኖርኩ ከበሬ ሰቅዬ።
ፊደሉን ወደድኩት፤ እጄ ነው፣ ያምራል፤
የቀሪዎች መዝገብ ግን ሌላ ይናገራል።

ጥናቱ ያለው ትንሽ ነው፦ ጠዋት ሁለት ደቂቃ፣
ልጁን በስሙ ጠርቶ መጠየቅ፤ ማታም ሁለት፤ በቃ።
«ይቺን ለመናገር ይህን ሁሉ ገጽ?» ብዬ ሳቅሁ።

የዊኒፔግ የካቲት፣ ጉንጭ የሚልጥ ብርድ፤
ጁንሬል ከአውቶቡስ አንገቱን ቀብሮ ሲወርድ
«ከአምስት ስንት ነህ ዛሬ?»
«ሁለት።»
ጻፍኩ። አልመከርኩም።

በሁለተኛው ወር፣ አስራ አንድ ቀሪው ሦስት ሆነ።
የኦክሳና ግን ጨመረ፤ ያንንም ጻፍኩ፤
ለእሷ የሚበጃት ገና አልተገኘ።

ቢጫውን ወረቀት ነቀልኩት፤ ጀርባው ነጭ ነው፤
መስመር አሰመርኩበት፤
የነገን ቁጥር እዚያ ነው የምጽፈው።