ስድስት ነጥብ

ሌሊት ነው ጋርሺንግ፤ ጉሙ ኢዛር ላይ ተኝቷል፤
ከተማው ሲያንቀላፋ አዳራሻችን ነቅቷል።
ለኒውትሮኑ ጨረር የተሰጠን ሦስት ቀን፣ ሁለቱ ተበልቷል፤
ኮርቢኒያን ካፖርቱን እንደለበሰ መጥቷል።

የሻይ ቴርሞሱን ከፍቶ ሁለት ኩባያ አወጣ፤
አንዱን ባዶ አኖረው፤ በሌላኛው ጠጣ።
"ለማን ነው?" አልልም፤ ከየካቲት ወዲህ
ሁሌም እንደዚህ ነው፤ ሁሌም እንደዚህ።

ከማግኔቱ መሀል አንዲት ጠጠር አለች፣
ከብረት፣ ከኮባልት፣ ከሲሊከን የበቀለች፣
ከምስር ፍሬ የማትበልጥ፣ ግራኝ የተፈጠረች፣
መስታወት ቢያሳዩአት "ይቺ ሌላ ናት" የምትል ነች።

በውስጧ አንዱ መርፌ ሽቅብ ቆሞ፣ ጎረቤቱ ጥቂት ዘመም፣
ቀጥሎ ያለው ባሰበት፣ ከዚያ ወዲያ ጭራሽ ጋደም፤
እየዞሩ፣ እየዞሩ፣ እስከ እምብርቱ ሲደርሱ፣
መሀል ላይ ያለው ተዘቅዝቋል፤ ሽቅብ እግሩ፣ ቁልቁል ራሱ።

ስኪርሚዮን ይሉታል፤ እኔ ግን ጧት ጧት አገኘዋለሁ፣
የልጄን የሐመልማልን ጠጉር ሳበጥር አየዋለሁ፤
አናቷ ላይ ያለው አዙሪት፣ ውሃ ባርሰው፣ ቅባት ባፈስ፣
ወዲህ ብገፋው ወዲያ ይቆማል፤ አይበገርም ለማበጠሪያ ጥርስ።
ጉልበት አይደለም የያዘው፤ መውጫ በር ስለሌለው ነው፤
ካልቀደዱት አይፈታም፤ መቅደዱም ዋጋ አለው።

በአንድ ጠጉር ውፍረት ላይ ሺህ ያህሉ ይሰለፋሉ፤
እዚህ ብቸኛ የለም፤ እንደ ንብ ቤት ይገጥማሉ፤
ለእያንዳንዱ ስድስት ጎረቤት፤ ሰሙን ማን እንደሠራው ሳይጠይቁ ያድራሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ። ስክሪኑ ላይ ነጥብ ወጣ፤
አንድ፣ ሁለት፣ አራት፤ ስድስት ሆኖ፣ ክብ ሠርቶ መጣ።
ኮርቢኒያን ወንበሩን ሳበ፤ "እንዳታስታምሚው፤
አሁን በድንገት አቀዝቅዢው፤ የሚያስብበት ጊዜ አትስጪው።"

ሂሊየሙን ለቀቅኩት። ቁጥሩ ወረደ፤ አርባ፣ ሠላሳ፣ አሥር፣ አራት፤
ሕጉን ብትጠይቁ፣ በዚህ ብርድ ያ ቅርጽ መፍረስ ነበረበት።
አልፈረሰም። ስድስቱም እንዳሉ ናቸው፣ አንድም ሳይጎድልበት።

"ድንገት መሆኑ ነው" አለ፤ "ቀስ ብሎ ቢበርድ ኖሮ
መንገዱን ፈልጎ፣ አግኝቶ፣ ይፈታ ነበር ቋጠሮ።"
ዝም አለ። ከዚያ፣ ስለ ጠጠሯ ይሁን ስለ ምን፣
"ቭሮኒ ሳህን እያጠበች ነበር" አለኝ፤ "ቧንቧው እንደተከፈተ ነው ያገኘሁት፣ የዚያን ቀን።"

ፓምፖቹ ሲያጓሩ፣ እኔ ስክሪኑን አየሁ፤
ባዶዋን ኩባያ ላለማየት ብዙ ደከምኩ፤ አየሁ።

ሊነጋ ሲል ፈረቃችን አለቀ፤ ለተረኛው ጠጠሯ መሞቅ አለባት፤
ትእዛዙ ተጽፏል፤ እጄ ግን ቁልፉ ላይ ደርሶ ዘገየበት።
"እኔ ላድርገው" አለ። በሁለት ጣቱ ያዘ፣
እንደ ሕፃን ጆሮ፣ እንዳያሳምም፣ ቀስ ብሎ ጠመዘዘ።
ስድስቱም አብረው ደበዘዙ፤ ጭጋግ ሆኑ፤ ቀለበት ሆኑ፤
ከዚያ ምንም። ዓይኖቻችን ባዶ ስክሪን ላይ ባከኑ።

መዝገቡ ላይ ጻፍኩ፦ "ሃምሳ ኬልቪን። ምልክት የለም።"
እሱ ኩባያዎቹን አጠበ፤ ሁለቱንም። አንዱ እንኳ ቆሽሾ አልነበረም።
አንዱን ቦርሳው ውስጥ ከተተ፤ አንዱን መደርደሪያው ላይ በአፉ ደፋው፤
ከዚያ ብስክሌቱን ወደ ጉሙ ገፋው።