ያለ ሽቦ

ማናማ ላይ፣ ከሆቴሉ ምድር ቤት፣
ክራር መታሁ አምስት ዓመት፣ ሌት በሌት።
በሽቦ ገብቶ ድምጿ፣ በሣጥን በኩል ወጥቶ፣
ነጎድጓድ ይሆናል፣ ብርጭቆ አንቀጥቅጦ።
እጄ ይነካል እንጂ የሚናገረው መብራቱ ነው።
አለቃችን «የአኩስቲክ ምሽት» ብሎ በር ላይ ለጠፈ፤
ሽቦዬ ግን ከግድግዳው ሳይነቀል ዓመት አለፈ።

አንድ ቀን በቀኝ ጆሮዬ ንብ ገባ፤
ማር የለው፣ ቀፎ የለው፣ አይቀስም አበባ።

ዶክተር ሻጂ፣ የኬረላው ሰው፣
ስፖንጅ በለበሰ ጠባብ ክፍል አስቀመጠኝ፤
«ድምፅ ስትሰማ ቁልፉን ተጫን» አለኝ።
ተጫንኩ። ተጫንኩ። ደግሞ ተጫንኩ።
«ገና ምንም አልላክሁም» አለ በመስታወቱ፤
ለካ የገዛ ልቤ ነበር መምታቱ።
ስሎ ሰጠኝ ጆሮዬን በወረቀት፦
ግራው ሜዳ፣ ቀኙ ቁልቁለት።

ሐምሌ ላይ መብራት ጠፋ፣ ጉደይቢያ ሙሉ።
ማቀዝቀዣዎቹ ባንዴ አፋቸውን ዘጉ፤
ሲጮሁ ኖረው፣
ዝም ሲሉ ሰማናቸው።

ሰዉ ፍራሹን ተሸክሞ ጣሪያ ወጣ፤
ፊሊፒኖው፣ ቤንጋሊው፣ ትርንጎ ከነእርጥብ ፎጣ።
«በል እንግዲህ» አለች፣ «ያችን ነገርህን አምጣ።»
«መብራት የለም» አልኳት።
«ክራር ደሞ መቼ ነው መብራት የበላ?»
አፈርኩ።

ሽቦዋን ነቅዬ ጭኔ ላይ አኖርኳት።
ድምጿ አነሰ፤ አንድ ሰው አከለ።
እንጨት፣ ቆዳ፣ ጅማት፣ የባሕር ወበቅ፤ ሌላ የለበት።
መስማት የፈለገ ቀረበ፣
ያልፈለገ ተኛ።

ሐጂ ሰልማን፣ ባለ ሕንፃው፣ ስለ መብራቱ ይቅርታ ሊል መጥቶ
እዚያው ቀረ፣ ከደረጃው ጫፍ ተቀምጦ።
አባቱ ሉል ጠላቂ ነበር፤
ሁለት ጆሮውን ባሕር በልቶት ያረጀ፤
መርከቧ ላይ ከበሮ ሲመታ፣ ሰው ሲያጨበጭብ፣
አገጩን ከምሰሶው ያስጠጋ ነበር አሉ፣ በእንጨት ሊሰማ።
ይህን ብሎ ሽማግሌው ጎንበስ አለ፣
ነጭ ጢሙን ከክራሬ ቀንበር ላይ አሳረፈ።
«ምታ» አለኝ።
መታሁ።
ዓይኑን አልከፈተም።

ሊነጋ ሲል፣ ሁሉም ሲተኛ፣
በቀኝ አገጬ ቀንበሯን ነካሁ፤
ቀጭኗን ጅማት፣ ብቻዋን፣ ሳብ አድርጌ ለቀቅሁ።
ንቡ አልወጣም። እዚያው ነው።
ግን በታችኛው በር፣ በአጥንት በኩል፣ አንድ ሰው አንኳኳ፤
እጁን ዐወቅሁት፤
የራሴው ነው ለካ።