ወረንጦ

አርባ ዓመት ሙሉ ትንፋሼን ቋጥሬ፣
የሰዓት ሆድ ዕቃ በወረንጦ ቆጥሬ፣
ከፀጉር የቀጠነ ሞላ ሳላጣምም
ጡረታ ወጥቻለሁ፤ እጄን አላማም።
ዛሬ ግን ይኸው፣ ባንዲት መዳፍ ፋሻ፣
መነሻው ጠፍቶኝ አጣሁ መድረሻ።

ክሎቲልድ ወንበር ላይ ክንዷን አንሥታለች፣
«በል እንግዲህ» ብላኝ መስኮት ታያለች።
ውጭው በረዶ ነው፤ ዡራ ነጭ ለብሷል፣
ከብብቷ ሥር ግን እሳት ነግሷል።

ሃያ አምስት ቀን ሙሉ ላሾድፎን ሐኪም ቤት
ማሽኑ ሲዞራት ያለ ጭስ፣ ያለ ሙቀት፣
«ምንም አይሰማኝም፣ እንደ ፎቶ ማንሣት»
ትለኝ ነበር እኮ። አድፍጦ ኖሯል እሳት።
መጀመሪያ ቀላ፣ አሳከከ፣ ደረቀ፣
ኋላ እጥፋቱ ላይ ተላጠ፣ ዕዥ አፈለቀ፣
ሌሊት ከሸሚዟ ጋር እየተጣበቀ።

ነርሷ ግራሲንዳ፣ የፖርቱጋሏ ሴት፣
ጽፋ ሰጥታኛለች በካሬ ወረቀት፦
«ፕላስተር ከቶ አይንካት፤ ቆዳ ይዞ ይነሣል።
የተጣበቀ ፋሻ አይጎተትም፤ በጨው ውሃ ይርሳል።
መታ መታ እንጂ ማሸት የለም። ቅባቱም በስሱ።
የቀለሙን ምልክት አታጥበው፤
ማሽኑ መንገድ ይጠፋዋል ያለ እሱ።»

ትናንት ደግሞ በር ዘግታ ስልክ ስትደውል ሰማሁ፣
ሞንፎኮን ላሉት ሽማግሌ፣ እሳት ለሚያወጡት።
እዚህ አገር ልማድ ነው።
ስም ይጠይቃሉ፣ ሙሉ ስም፣ ሌላ ምንም፤
የሚሉትን በልባቸው ይሉና ስልኩን ይዘጋሉ።
ገንዘብ አይቀበሉም።
እኔ፣ በጥርስና በመዘውር ብቻ የማምነው፣
ሳቅሁ።
እሷ አልሳቀችም።

አሁን አንዲት ክር
ቁስሉን ሙጥኝ ብላ አልወጣም አለች።
ውሃ አንጠባጠብሁ። ጠበቅሁ። አንጠባጠብሁ።
ሩብ ሰዓት አለፈ፤
የማንንም ሰዓት እንዲህ አልታገሥሁም።
ከመሳቢያው ወረንጦዬን አወጣሁ፣
በፈላ ውሃ ቀቀልሁት፣ እስኪበርድ ያዝሁት።

«ያማል?»
«አያምም» አለች፤
ጣቶቿ ግን የወንበሩን ክንድ ጨምድደዋል።

ያኔ ነው፣ ሳላስበው፣
ከንፈሬ ስሟን የጠራው፣
እኔን ሳታገባ የነበራትን፣ የአባቷን ቤት ስም፦
ክሎቲልድ ፍሯድቮ።
ፍሯድቮ ማለት «ቀዝቃዛ ሸለቆ» ነው።
ሃምሳ ዓመት አብሬያት ስኖር
ትርጉሙን አስቤው አላውቅም።
ደግሜ ጠራሁት። በቀስታ። እንደገና።

ክሯ ወጣች።

«ምን አልክ?»
«ምንም።»
ስፖንጁን አኖርሁ፣ ፋሻውን ሳላጠብቅ ዞርሁበት፣
አሮጌውን የጥጥ ካናቴራዬን
በጭንቅላቷ አሾልኬ አወረድሁላት።

ወደ ትከሻዋ አየችና
«ገልብጠህ አለበስከኝ» አለች።
«አውቃለሁ» አልኋት፤ «ስፌቱ እንዳይነካሽ።»